ከልጅ ጥያቄ በፊት፦ ከፒ.ሲ.ኦ.ኤስ. ጋር ለሚኖሩ ሴቶች ድጋፉ ከየት ይጀምር?

ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም፣ በምሕፃሩ ፒ.ሲ.ኦ.ኤስ.፣ በመውለጃ ዕድሜ ላይ በሚገኙ ሴቶች ዘንድ እጅግ ከተለመዱት የሆርሞን መዛባቶች አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ የዕድሜ ክልል ካሉት ሴቶች ከ8 እስከ 13 በመቶ የሚሆኑት ይህ የጤና እክል እንዳለባቸው፣ ከእነዚህም እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት ሕመማቸው ሳይታወቅ እንደሚኖሩ ይገምታል። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ በአገራችን ከዚህ ሕመም ጋር የምትኖር ሴት ድጋፍ የምታገኘው መቼ ነው? በምንስ ስም? እንደ እኔ እምነት የሕክምናው በር በአብዛኛው የሚከፈተው «ልጅ እፈልጋለሁ» ለምትል ባለትዳር ሴት ነው። ሕመሙ ግን በሩ ከመከፈቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ይጀምራል፤ ልጅ ከተወለደ በኋላም ይቀጥላል። በመሆኑም ድጋፉም ሆነ ድጋፉን የሚመራው ጥናት ከልጅ ጥያቄ በፊት መጀመር ይኖርበታል።

ስሙ የሚያሳስት ሕመም

እ.ኤ.አ. በ1935 ኧርቪንግ ስታይንና ማይክል ሌቨንታል የተባሉ የቺካጎ ሐኪሞች የወር አበባቸው የተዛባና የእንቁላል እጢዎቻቸው የተለጠጡ የሰባት ሴቶችን ታሪክ አሳተሙ። ትኩረታቸው በእንቁላል እጢው ላይ ስላረፈ የሕመሙም ስም ከዚያው ተወሰደ። ይሁን እንጂ በአልትራሳውንድ የሚታዩት ጥቃቅን ክብ ነገሮች በትክክለኛው አጠራር «ሲስት» አይደሉም፤ እድገታቸው በመካከል የተገታ የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2012 የሰበሰበው ገለልተኛ የባለሙያዎች ቡድንም ስያሜው አሳሳችና ለዕውቀት እድገት እንቅፋት መሆኑን ገልጾ እንዲለወጥ መክሯል።

የስያሜው ጉዳት ከሁሉ በፊት በምርመራ ክፍል ውስጥ ይታያል። «ሲስት አለብሽ» የተባለች ወጣት በቀዶ ሕክምና የሚወጣ እብጠት ያለባት ይመስላታል፤ አለዚያም ካንሰር እንደ ጀመራት ትጠረጥራለች። የሕመሙ አካሄድ ግን ሌላ ነው። በብዙዎቹ ሴቶች ላይ ከዋና ዋናዎቹ መንሥኤዎች አንዱ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ መዳከም ነው። ቆሽት ይህን ለማካካስ ኢንሱሊንን አብዝቶ ያመነጫል፤ የበዛው ኢንሱሊን ደግሞ የእንቁላል እጢው አንድሮጅን የተባሉትን ሆርሞኖች አብዝቶ እንዲሠራ ያደርጋል። በጉበት የሚመረተውንና እነዚህን ሆርሞኖች አስሮ የሚይዘውን ፕሮቲንም ይቀንሳል። ውጤቱ በፊት ላይ ብጉርና ፀጉር፣ በወር አበባ ላይ መዛባት፣ በደም ውስጥ ደግሞ የስኳርና የቅባት መጠን መለዋወጥ ሆኖ ይገለጣል።

እ.ኤ.አ. በ2003 በሮተርዳም በተደረሰው ስምምነት መሠረት ሕመሙ አለ ለማለት ከሦስት ምልክቶች ሁለቱ መገኘት አለባቸው። እነዚህም የወር አበባ መዛባት ወይም መቅረት፣ በአካል ላይ የሚታይ ወይም በደም ምርመራ የሚረጋገጥ የአንድሮጅን መብዛት፣ እንዲሁም በአልትራሳውንድ የሚታየው የእንቁላል እጢ ገጽታ ናቸው። ተመሳሳይ ምልክት የሚያሳዩ ሌሎች ሕመሞች፣ ለምሳሌ የታይሮይድ እጢ መታወክና የፕሮላክቲን ሆርሞን መብዛት፣ አስቀድመው ሊጣሩ ይገባል።

በእነዚህ መስፈርቶች ውስጥ «መካንነት» የሚል ቃል እንደሌለ ልብ ይሏል። መካንነት ሕመሙ ከሚያስከትላቸው ችግሮች አንዱ ነው፤ እርሱም ቢሆን በአብዛኛው ሕክምና ያለው ነው። ከዚህ ሕመም ጋር የምትኖር ሴት ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም፣ በእርግዝና ወቅት ለሚከሠት የስኳር ሕመም፣ ለድብርትና ለጭንቀት የመጋለጥ ዕድሏ ከሌሎች ሴቶች ከፍ ያለ ነው። የወር አበባ ለረጅም ጊዜ ሲቀር ደግሞ የማኅፀን ውስጠኛ ሽፋን ሳይታደስ እየወፈረ ይሄዳል፤ ይህም ለዚሁ ሽፋን ካንሰር ያጋልጣል። ስለሆነም የወር አበባዋ በየጊዜው ከ90 ቀን በላይ የሚዘገይባት ወጣት፣ ልጅ ፈለገችም አልፈለገችም፣ ክትትል ያስፈልጋታል።

«ልጅ ስትፈልጊ ተመልሰሽ ነይ»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። አባባሉ ጥፋቱን በሕመምተኛው ላይ ይጥላል። በዚህ ሕመም ረገድ ግን ብዙ ጊዜ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ልጅቱ ትናገራለች፣ የሚሰማት ግን አታገኝም። ይህን የምጽፈው ጉዳዩን እንደሚያጠና ብቻ ሳይሆን ከሕመሙ ጋር እንደሚኖርም ሰው ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቴ ዘመን የወር አበባዬ አራትና አምስት ወር ሲቀር በተለያየ ጊዜ ያነጋገርኋቸው ሦስት የጤና ባለሙያዎች የሰጡኝ ምክር በቃላት ይለያይ እንጂ በፍሬ ነገሩ አንድ ነበር፤ «ስታገቢ ይስተካከላል፤ ልጅ ስትፈልጊ ተመልሰሽ ነይ» የሚል። የደም ስኳሬን የለካ አልነበረም፤ ስለ እንቅልፌና ስለ ስሜቴ የጠየቀኝም አልነበረም። ይህን የማነሣው ግለሰቦቹን ለመውቀስ አይደለም። ባለሙያው የሚጠይቀው ተምሮ የወጣውን ጥያቄ ነው፤ የተማረው ጥያቄ ደግሞ «ልጅ አለሽ?» የሚል ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመና በአብዛኛው በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ 1,385 ሴቶችን ያካተተ ጥናት እንዳሳየው ከሴቶቹ ሲሶ ያህሉ ሕመማቸው እስኪታወቅ ከሁለት ዓመት በላይ ጠብቀዋል። ግማሽ የሚጠጉት ሦስትና ከዚያ በላይ የጤና ባለሙያዎችን ማነጋገር ነበረባቸው። ስለ ሕመሙ በተሰጣቸው መረጃ የረኩትም ከመቶ 16 ያህሉ ብቻ ናቸው። አልትራሳውንድና የሆርሞን ምርመራ በቅርብ በሚገኝበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ በእኛም ዘንድ የመሣሪያ እጥረት ብቻውን በቂ ማብራሪያ ሊሆን አይችልም።

በአገራችን ግን በዚህ ላይ የሚደረቡ ሸክሞች አሉ። የመጀመሪያው የቀን ቆጠራ ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ የሆነች ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ወደ ቤተ መቅደስ አትገባም፣ አትቆርብም። ሙስሊም ሴት በእነዚያ ቀናት አትሰግድም፤ በረመዳን ያልጾመቻቸውንም ቀናት በኋላ ትከፍላለች። ሦስት ወር ቀርቶባት ከዚያ ለሃያ ቀን ደም የሚፈሳት ሴት ግን ቆጠራው ይጠፋባታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሁኔታ የየሃይማኖቱ ሊቃውንት የሚሰጡት መልስ አለ። ነገር ግን የነፍስ አባቷን ወይም ኡስታዟን ለመጠየቅ በመጀመሪያ የደረሰባትን ነገር በስሙ መጥራት መቻል አለባት። ስም የሌለው ሕመም ለምክርም አይመችም።

ሁለተኛው ሸክም የመድኃኒቱ ስም ነው። ልጅ ለማትፈልግ ሴት የወር አበባን ለማስተካከልና የፀጉር ብቅለትን ለመቀነስ ዓለም አቀፉ የሕክምና መመሪያ በቀዳሚነት የሚመክረው ጥምር የወሊድ መከላከያ እንክብልን ነው። ይህ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ያለ ክፍያ ይሰጣል። ያላገባች ተማሪ በዶርም ሎከሯ ውስጥ ስታስቀምጠው ግን ከማሸጊያው ላይ የሚነበበው «የወሊድ መከላከያ» የሚለው ነው። የክፍል ጓደኞቿ ሌላ ነገር ያስባሉ፤ እናቷ ካገኘችው «መካን ያደርግሻል» ትላታለች። እንክብሉ መካን አያደርግም፤ ይልቁንም የማኅፀኗን ውስጠኛ ሽፋን ይጠብቅላታል። ይህን ለእናቲቱ አስቀምጦ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ የሚያስረዳ ነርስ ማግኘት ከመድኃኒቱ እኩል የሚያስፈልግ ሕክምና ነው።

ሦስተኛው «ክብደት ቀንሺ» የሚለው ባዶ ምክር ነው። ከመጠን ያለፈ ክብደት ላላት ሴት መጠነኛ ቅናሽ እንኳ እንደሚረዳ አይካድም። ነገር ግን ሕመሙ ቀጭን ሴቶችንም ይይዛል፤ እነርሱም በቅጥነታቸው ምክንያት ሳይመረመሩ ይቀራሉ። ለሌሎቹም ቢሆን ምክሩ ከገበታቸው ጋር ካልተገናኘ ወቀሳ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና ጎመን በየቤቱ እያሉ በገበያ የማይገኝ ምግብ የተዘረዘረበት ወረቀት ሰጥቶ መሸኘት ድጋፍ ሊባል አይችልም።

ያልተቆጠረ አይደገፍም

እስከዚህ የተነገረው ስለ አገልግሎቱ ነበር። የዚህ መጽሔት አንባቢዎች በቀጥታ የሚመለከተን ግን ጥናቱ ነው። ናሙናችንን ከየት እንደምንወስድ እናስብ። የጥናቱ ተሳታፊዎች ከመካንነት ክሊኒክ ብቻ ከተመረጡ ውጤቱ ሊነግረን የሚችለው ልጅ ለመውለድ ስለሚሞክሩ፣ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ለመድረስም አቅሙ ስላላቸው ሴቶች ብቻ ነው። የ19 ዓመቷ ተማሪ፣ ሦስት ልጆች ወልዳ የደም ስኳሯ ከፍ ያለባት እናት፣ እንዲሁም ማግባት የማትፈልገው ሴት በሰንጠረዡ ውስጥ የሉም። እንዲህ ዓይነቱ ጥናት ኅብረተሰቡ ቀድሞ የያዘውን አመለካከት በቁጥር አስደግፎ መልሶ ያቀርባል፤ ቁጥሩም ተመልሶ የበጀትና የሥልጠና መነሻ ይሆናል። በጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የተቋቋመውን የመሰለ በመንግሥት የሚተዳደር የመካንነት ሕክምና ማዕከል መኖሩ ትልቅ እመርታ ነው። ይሁን እንጂ ለዚህ ሕመም የመጀመሪያው በር ሊሆን አይገባውም።

መለኪያዎቻችንም እንደዚሁ ሊፈተሹ ይገባል። የፀጉር ብቅለትን ለመመዘን በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት የፌሪማንና የጋልዌይ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1961 ታትሞ ኋላ የተሻሻለ ሲሆን ዘጠኝ የአካል ክፍሎችን ከ0 እስከ 4 እየመዘነ ይደምራል። ዓለም አቀፉ መመሪያ ወሰኑ እንደየሕዝቡ ከ4 እስከ 6 ሊለያይ እንደሚችል ያስገነዝባል። ለኢትዮጵያውያን ሴቶች የሚስማማው ወሰን የቱ ነው? ወደ ክሊኒክ ከመምጣቷ በፊት ፀጉሯን በክር ወይም በምላጭ ያስወገደችውንስ ሴት እንዴት እንመዝናት? ሕመሙ በኑሮ ላይ የሚያሳድረውን ጫና የሚለካው እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው መጠይቅም 26 ጥያቄዎችን በአምስት ርዕሶች፣ ማለትም በስሜት፣ በሰውነት ፀጉር፣ በክብደት፣ በመካንነትና በወር አበባ ሥር ይዟል። በቀን ቆጠራ መዛባት ምክንያት ከቅዳሴም ሆነ ከሶላት ስለ መራቅ ግን የሚጠይቅ ርዕስ የለውም። ይህን መጠይቅ ወደ አገራችን ቋንቋዎች የሚመልስ ተመራማሪ ቃላቱን ብቻ ቢተረጉም አንዱን ትልቅ ሸክም ሳይቆጥር ያልፋል።

ከሌላ አገር መልሱን ልንጠብቅላቸው የማንችላቸው ጥያቄዎችም አሉ። ለዚህ ሕመም ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሜትፎርሚን ሆድን እንዳይረብሽ ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድም በሰውነት ውስጥ ያለውን የቫይታሚን ቢ12 መጠን ሊቀንስ ይችላል። ይህ ቫይታሚን በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። ታዲያ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆይ፣ በዓመቱ ውስጥም ለረጅም ጊዜ ከሥጋና ከወተት የምትከለከል ሴት መድኃኒቱን መቼ ትውሰድ? የቢ12 መጠኗስ በየስንት ጊዜው ይለካ? ይህ በአንድ የማስተርስ ጥናት ሊመለስ የሚችል፣ ነገር ግን እዚሁ ካልተጠና ሌላ የሚያጠናው የሌለ ጥያቄ ነው።

ድጋፉ ምን ይምሰል?

ሴቶች በዝምታ የተሸከሙትን ሕመም ወደ አደባባይ በማውጣት ረገድ አገራችን ልምድ አላት። እ.ኤ.አ. በ1974 በዶክተር ሬጂናልድና በዶክተር ካትሪን ሐምሊን የተመሠረተው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል የዳኑ ሕሙማንን አሠልጥኖ የአዳዲሶቹ ተንከባካቢዎች እንዲሆኑ አድርጓል። በሕመምተኝነት የገባችው ማሚቱ ጋሼ የቀዶ ሕክምናውን ተምራ ሌሎችን ለማከም በቅታለች። ከኤች.አይ.ቪ. ጋር የሚኖሩ እናቶችም በየጤና ጣቢያው በድጋፍ ቡድን ተሰባስበው አንዷ ሌላዋን ስታጽናና ቆይታለች። በብሪታንያ ደግሞ ከፒ.ሲ.ኦ.ኤስ. ጋር የሚኖሩ ሴቶችን የሚያግዘው ቬሪቲ የተባለ በጎ አድራጎት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ይሠራል። ከእነዚህ ሁሉ የምንማረው ሕመሙን የምታውቀው ሴት የሕክምናው አካል እንጂ ተቀባይ ብቻ አለመሆኗን ነው።

ከዚህ በመነሣት ለዩኒቨርሲቲዎች ሦስት ሐሳቦችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የተማሪዎች ክሊኒኮች ለማንኛዋም ሴት ተማሪ «ባለፈው ዓመት የወር አበባሽ ስንት ጊዜ መጣ?» የሚለውን ጥያቄ በመደበኛነት ይጠይቁ። መልሱ ከስምንት በታች ከሆነ የደም ግፊት፣ የክብደትና የደም ስኳር ልኬት ይከተል። በዚህ ረገድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. የ2023ቱ ዓለም አቀፍ መመሪያ የመጀመሪያ የወር አበባዋን ካየች ስምንት ዓመት ባልሞላት ወጣት ላይ አልትራሳውንድ ለዚህ ምርመራ እንዳይውል ይመክራል። በዚህ ዕድሜ ብዙ ጤናማ ሴቶችም ተመሳሳይ ገጽታ ስለሚያሳዩ በምስል ብቻ ስም መለጠፍ ሌላ ጉዳት ነው።

ሁለተኛ፣ ሕመሙ ሲታወቅ የአእምሮ ጤና ጥያቄ አብሮ ይነሣ። ይኸው መመሪያ የድብርትና የጭንቀት ምልክቶች እንዲፈተሹ ያዛል። ለድብርት የሚያገለግለው ባለ 9 ጥያቄ መጠይቅ በአማርኛ ተዘጋጅቶ በአዲስ አበባ ብቃቱ የተፈተሸ በመሆኑ ለመጀመር አዲስ መሣሪያ መጠበቅ አያሻም።

ሦስተኛ፣ በየካምፓሱ በአንዲት ነርስ የሚመራና ከዐሥር የማይበልጡ ሴቶች የሚገኙበት የድጋፍ ቡድን ይቋቋም። ስሙ የሕመሙን ስም ባይይዝ ይመረጣል፤ የምትገባዋ ሴት ከደጅ እንዳትታወቅ። ቡና ተፈልቶ ስለ መድኃኒት አወሳሰድ፣ ስለ ጾም፣ ስለ ፀጉርና ስለ ቤተሰብ የሚወራበት አንድ ሰዓት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ምስጢር ጠባቂነትና ቀጣይነት ነው።

«እናቶች በወሊድ በሚሞቱበት አገር ይህ ቅንጦት ነው» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ የጤና በጀት ውስን ነው፤ የማይገድል የሚመስል ሕመምም ተራውን ሲጠብቅ ይኖራል። ሆኖም ከላይ የቀረቡት እርምጃዎች በአብዛኛው አሁን በእጃችን ባሉ ነገሮች፣ ማለትም በደም ግፊት መለኪያ፣ በሚዛን፣ በስኳር መለኪያና በአንድ ጥያቄ የሚሠሩ ናቸው። በተጨማሪም በእርግዝና ወቅት የሚከሠተው የስኳር ሕመም የእናቶች ጤና ጉዳይ ነው። ዛሬ በ19 ዓመቷ ሳትጠየቅ ያለፈችው ተማሪ ነገ በነፍሰ ጡር ክትትል ክፍል ከነችግሯ ትመጣለች። ዘግይቶ መጀመር ወጪውን ወደ ፊት ያሻግረዋል እንጂ አይቀንሰውም።

ስለሆነም የመመረቂያ ጥናት ርዕስ በመምረጥ ላይ ለሚገኙ የጤና፣ የሥነ ልቡና፣ የሥነ ምግብና የቋንቋ ተማሪዎች ጥሪዬ ግልጽ ነው። ይህን ሕመም ከመካንነት ክሊኒክ ደጃፍ ውጭ ፈልጉት፤ በተማሪዎች ክሊኒክ፣ በስኳር ሕመም መከታተያ ክፍልና በጤና ጣቢያ ታገኙታላችሁ። ለሕመሙ እናትም ልጅም የሚረዱት የአማርኛ ስም ለማውጣት የሐኪምና የቋንቋ ባለሙያ አብረው ይቀመጡ። በመጠይቃችሁም ውስጥ «ልጅ አለሽ?» ከሚለው መስመር በላይ «እንዴት ነሽ?» የሚል አንድ ጥያቄ ይቅደም።